የኦሎምፒያው ርክክብ

ባለፈው ሰሞን ከሰሚት ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ ከባሏ ጋር ትጨቃጨቅ ነበር። ነርስ መሆኗን ያወቅሁት ከጃኬቷ ሥር ብቅ ባለው ሰማያዊ የሥራ ልብሷ ብቻ አይደለም። የአልኮልና የበረኪና ሽታ አላት፤ ያንን ሽታ ደግሞ እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል ለብሼው ስለኖርኩ ከመቶ ሰው መሀል እለየዋለሁ። «ሽፍት ቀይሩኝ እያልኩ ስንቱን ልለምን? አንተስ አንድ ቀን ብታስፈቅድ ምናለበት?» ትለዋለች። እሱ የሚመልሰው አይሰማም። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ፣ ልጁን ማን ይረከበው?» አለች። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም። ረዳቱ «እማማ፣ መጨረሻ ነው፤ አይወርዱም?» እስኪለኝ ድረስ እኔ ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ አልነበርኩም። ኦሎምፒያ ፌርማታ ላይ፣ የሰኔ ዝናብ እየወረደብኝ፣ ልጄን ልረከብ ቆሜ ነበር።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፤ በከተማው ምሥራቅ በኩል ባለ አንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ሆስፒታሉን ስሙን አልጠራውም። የዛሬዎቹ ነርሶች እንደ ፒጃማ የላላ ልብስ ለብሰው ሲሮጡ ሳይ እቀናለሁ፤ እኛ እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ኮፍያና ነጭ ሸራ ጫማ ነበር የምንለብሰው፤ ጫማውን ማታ ማታ በጠመኔ እናነጣዋለን። ከላዩ ላይ ከሳልባጅ የተገዛ ሹራብ እንደርባለን። የእኔ ሹራብ ቡና ዓይነት ነበር፤ ቁልፎቹ የእንጨት፤ መርካቶ ከተራራ ልብስ ውስጥ ቆፍሬ ያወጣሁት። ዳቦ ስሙኒ ነበር፤ ከኦሎምፒያ ቦሌ ሚኒባስ ሽልንግ ይበቃዋል። የቦሌ መንገድ ዛሬ ቀና ብለህ ሰማይ የማታይበት ሆነ እንጂ ያኔ ግራና ቀኙ የግንብ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የተንጠለጠለ ቀይና ሐምራዊ አበባ፣ ከአበባው በስተጀርባ ዝም ያለ ቪላ ነው። አውሮፕላን ሲያርፍ ሆዱ ይታያል። ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ የሰሞኑን ዘፈን ሲደጋግም መንገደኛው ሳያስበው እርምጃውን ከዜማው ጋር ያስተካክል ነበር። ዛሬ እኔ የምኖርበት ሰሚት ደግሞ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር። ከዚያ በኩል ወደ ሆስፒታላችን የሚመጣ በሽተኛ ግማሹን መንገድ በጋሪ ነው የሚመጣው።

ባለቤቴ ኃይሉ ኤርፖርት ዕቃ ጭነትና ማራገፍ ላይ ይሠራል። እሱም እንደኔ ተረኛ ነው፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት፣ አንድ ሳምንት አዳር። እኔም እንደዚያው፣ የእኔ ግን በሳምንት ውስጥም ይገለባበጣል። ከኦሎምፒያ ወደ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ጭቃ ተረግጦ በሚደረስበት ግቢ፣ ከአንድ ቪላ ጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነበር። ግድግዳው ላይ የሁለታችን የተራ ሰሌዳ ጎን ለጎን ተለጥፏል። የእሱን በሰማያዊ፣ የእኔን በቀይ እስክሪብቶ እናቀልመዋለን፤ ሁለቱም ባዶ የሆነበትን ቀን ሜሮን፣ የአራት ዓመቷ ልጃችን፣ አበባ ትሥልበታለች። አበባው በወር ውስጥ ከአራት አምስት አይበልጥም። የተቀሩት ቀኖች አንዳችን ስንገባ አንዳችን የምንወጣባቸው ናቸው። ኃይሉ አንድ ጊዜ ለጓደኞቹ፣ «ሚስቴን ካገባኋት በኋላ ናፈቀችኝ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ሁሉም ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም።

ቤት የምትውል ሠራተኛችን አግብታ ወደ አገሯ ከሄደች በኋላ ነገሩ ጠበበ። ሌላ እስክናገኝ ድረስ እኔ አዳር ሆኜ እሱ ጠዋት በሚገባባቸው ቀናት አንድ ዘዴ ፈጠርን። እኔ ከሌሊቱ ተራዬ አንድ ሰዓት ላይ እወጣለሁ። በሁለት ታክሲ አንድ ተኩል ላይ ኦሎምፒያ እደርሳለሁ። እሱ ሜሮንን አልብሶ ፌርማታው ላይ ይጠብቀኛል፤ ሁለት ሰዓት ላይ ኤርፖርት መፈረም አለበት። አንገቴን ስም ያደርገኛል፣ ልጅቷን ያስይዘኛል፣ «ቁርስ በልታለች» ወይም «ትንሽ አስሏት ነበር» ይለኛል፣ አውቶብሱ ላይ ይንጠለጠላል። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሆስፒታል ውስጥ አንዷ ተረኛ በሽተኛውን ለሌላዋ ስታስተላልፍ ርክክብ እንለዋለን። ኃይሉ ከእኔ ሰምቶ ለዚያችም ለፌርማታዋ ሁለት ደቂቃ ያንኑ ስም አወጣላት። «የነገ ርክክብ አንድ ተኩል ነው፣ እንዳትዘገዪ» ይለኛል። ፌርማታው ጀርባ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ሱቅ ነበራቸው። ስኳር፣ ሳሙና፣ ላምባ ይሸጣሉ፤ ስልክም ያስደውላሉ። እኔ አሥር ደቂቃ ከዘገየሁ ሜሮን የእሳቸው ሱቅ ውስጥ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ብስኩት ስትበላ አገኛታለሁ።

ያን ዕለት ግን አሥር ደቂቃ አልነበረም።

ለንጋት ጥቂት ሲቀረው ጀምሮ ዶፍ ይጥላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ተኪዬን ስጠባበቅ፣ አንድ የጭነት መኪና እስከ በሩ ድረስ ገብቶ ክላክሱን ለቀቀው። ከላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰው አወረዱ። ቶላ የሚባል ገበሬ ነው፤ ከዚያው ከሰሚት በኩል። ማሳውን ተምች ወርሮበት ትናንት ከሰዓት በኋላ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ መድኃኒት ሲረጭ ውሏል፤ ነፋሱ ሁሉንም መልሶ ራሱ ላይ ረጭቶበታል። ማታ ላብ አጠመቀው፣ አስታወከው፣ ከዚያ መተንፈስ አቃተው። ሚስቱ ጫልቱ በጋሪ እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ በለመነችው የጭነት መኪና አምጥታዋለች። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠብቧል። ከአፉ አረፋ ይፈሳል። ከንፈሩ ጠቁሯል።

በሌሊቱ የነበርነው ዶክተር ፍሬው፣ እኔና የጽዳት ሠራተኛችን ብርቄ ብቻ ነን። ዶክተር ፍሬው ከትምህርት ቤት ከወጣ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ልጅ ነበር፤ እጁ ግን አይንቀጠቀጥም። ቶሎ ብሎ ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ አስገባለትና በቱቦው ጫፍ ላይ የላስቲኩን ፊኛ ሰክቶ፣ «ሲስተር ወይንሸት፣ ጭመቂ» አለኝ። አየር የሚሰጥ ማሽን በሆስፒታሉ ውስጥ ያለው አንድ ሲሆን እሱም ሌላ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ማሽኑ እኔ ነኝ። ፊኛውን ስጨምቀው የቶላ ደረት ከፍ ይላል፤ ስለቀው ዝቅ ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጥሬ እጨምቃለሁ፤ እንደገና። ብርቄ ልብሱን ቀድዳ አውጥታ ገላውን በሳሙና ታጥበዋለች፤ ዶክተሩ በየጥቂት ደቂቃው መድኃኒት ይወጋዋል። ጫልቱ ጥጉ ላይ እርጥብ ጋቢዋን እንደለበሰች ቆማለች። አታለቅስም። እጄን ብቻ ታያለች።

አንድ ሰዓት ሆነ። ተኪዬ አልመጣችም፤ በኋላ እንደሰማነው ጎርፍ መንገድ ዘግቶባት በእግሯ ነበር የምትመጣው። አንድ ተኩል ሆነ። በዚያ ላይ ዝናቡ ያንሸራተተው ሚኒባስ ተገልብጦ አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ ገቡ፤ ዶክተር ፍሬውና ብርቄ ወደዚያ ሮጡ። እኔ ከፊኛው ጋር ቀረሁ። ጣቶቼ መደንዘዝ ጀምረዋል፤ ግራዬን በቀኜ እቀይራለሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ላለማየት እየታገልኩ አያለሁ። ኃይሉ አሁን ፌርማታው ላይ ነው። አሁን አንገቱን እያሰገገ ታክሲውን ሁሉ ያያል። በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ በእኔ ምክንያት ዘግይቶ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል፤ ሦስተኛው ስንብት መሆኑን አለቃው በግልጽ ነግሮታል።

ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል ስልኩ ጮኸ። ብርቄ አንስታ ገመዱን እየጎተተች መጥታ ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

«ወይንሸት፣ የት ነሽ?»

«መውጣት አልቻልኩም። እጄ ላይ ሰው አለ።»

«ሁልጊዜ እጅሽ ላይ ሰው አለ!» ከኋላው የዝናቡ ድምፅ ይሰማል። «ስሚ፣ እኔ አሁን ካልተሳፈርኩ ሥራዬ አለቀለት። ምን ላድርግ?»

«ጋሽ ሰይድ ጋ ተዋት። ደርሻለሁ በለው… በላቸው። ተኪዬ አሁን ትደርሳለች።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩት። እርግጠኛ አልነበርኩም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የሆነውን ሰዓት እንደ ሰዓት አላስታውሰውም። እንደ ቁጥር ነው የማስታውሰው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጨመቅ። የሚኒባሱ ቁስለኞች በመጋረጃው ማዶ ይጮሃሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የቶላ ከንፈር ከጥቁረት ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ሰው ቀለም እየተመለሰ ነበር፤ ይህን ሳይ ልቤ ይሞቃል፤ ወዲያው ሜሮን ትዝ ትለኝና ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ደረት ውስጥ ሲፈራረቁ ማወቅ ለሚፈልግ፣ የእኛ ሥራ እሱ ነው።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩ እንደገና ጮኸ። ብርቄ በደም የተነካካ ጓንቷን አውልቃ አነሳችና ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ።

«ሲስተር» አሉ ጋሽ ሰይድ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም። «ሲስተር፣ ልጅቱ አንቺ ጋ መጥታለች?»

«እንዴት ወደ እኔ ትመጣለች? እርስዎ ጋ አይደለችም እንዴ?»

«ወላሂ ስኳር ልመዝን ዞር ከማለቴ ነው። አውቶብስ ቆሞ ነበር፤ ሰው ወርዶ ሰው ተሳፈረ፤ ዞር ብል ሳጥኑ ባዶ ነው። እየፈለግን ነው። አብሽሪ፣ እናገኛታለን። ግን አንቺ ነይ። ቶሎ ነይ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ሳልናገር ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሬአለሁ። ለኃይሉ አልነገርኩትም። የነርሶች አለቃችን ሜትሮኗም አታውቅም። ሰው ሁሉ ስልኩ እንደተዘጋ በርሬ የወጣሁ ይመስለዋል። አልበረርኩም። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ነበር፣ አይቼዋለሁ፤ ሩብ ሰዓት ቆሜ ፊኛውን ጨመቅሁ። ልጄ በዶፍ ዝናብ ከተማ ውስጥ ጠፍታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ የማላውቀውን ሰው ሳንባ እየነፋሁ ቆምኩ። ዶክተሩን ልጥራ አልኩ፤ ከመጋረጃው ማዶ የአንዲት ሴት እግር ደም ቧንቧ በጣቱ ይዟል። ብርቄን አየሁ፤ ዶክተሩ እየጮኸ ጠራት። ብለቅ ይሞታል። ብቆይ… የቀረውን አላሰብኩትም። ሰውነቴ እንደ ማሽን ሠራ። እንባዬ በአፍንጫዬ ጫፍ እየተንጠባጠበ ቶላ ግንባር ላይ ይወድቃል፤ የምጠርግበት እጅ የለኝም።

ጫልቱ ከጥጉ ተነስታ መጣች። ብርቄ በአጠገቧ ስታልፍ እጇን ያዘቻትና፣ «ምን ሆና ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ልጇ ጠፍታባት ነው» አለች ብርቄ ሳትቆም።

ጫልቱ አጠገቤ መጥታ ቆመች። አማርኛዋ ከኦሮምኛ ጋር ይደባለቃል፤ ግን ያለችው አንድም ቃል አልጠፋኝም። «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት።»

«ዋቃዮ!» አለችና ሁለት እጆቿን ዘረጋች። የእርሻ እጆች ናቸው፤ ሰፊ፣ የተሰነጣጠቁ። «አሳዪኝ። ጠዋቱን ሙሉ ሳይሽ ነበር። ስጪኝ።»

«አይሆንም፣ ከተሳሳትሽ…»

«ባሌ እኮ ነው!» አለችኝ። «ከእኔ በላይ ማን ይጠነቀቅለታል? ስጪኝና ሂጂ።»

ያን ያህል ዓመት ተምሬ፣ ያን ያህል ዓመት ሠርቼ፣ ያቺን ቀላል ነገር ያሰበችው እሷ ናት። እጇን ፊኛው ላይ አስቀመጥኩት፤ እጄን ከእጇ በላይ አድርጌ አብረን ጨመቅን። ደረቱ ሲነሳ አሳየኋት። ሙሉ በሙሉ ሳትለቂ እንዳትጨምቂ፣ ቱቦው እንዳይንቀሳቀስ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ጩኺ አልኳት። እጄን አነሳሁ። ብቻዋን ጨመቀች። ደረቱ ተነሳ። እንደገና። አሥር ትንፋሽ ቆጠርኩ፤ አሥሩም ትክክል ነበሩ። «ዶክተር፣ እየሄድኩ ነው! ሚስቱ ይዛለች!» ብዬ ጮህኩና መልሱን ሳልጠብቅ ወጣሁ። ነጩን ቀሚስ እንደለበስኩ፣ ያለ ሹራብ፣ ያለ ቦርሳ። የሁለቱም ታክሲ ረዳቶች ገንዘብ አልጠየቁኝም፤ ፊቴን አይተው ይሆናል።

ኦሎምፒያ ስደርስ የጋሽ ሰይድ ሱቅ ተዘግቷል። የሰፈሩ ሰው ለሐዘን ካልሆነ ያ ሱቅ በሥራ ቀን ተዘግቶ አያውቅም ይላል። እሳቸው ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጥለው በየቦዩ እያጎነበሱ ያያሉ። ቦዩ በጎርፍ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ይጋልብ ነበር። አንድ ፖሊስ አገኘንና ማስታወሻውን አውጥቶ፣ «ምን ለብሳለች?» አለኝ።

ልጄ ጠዋት ምን እንደለበሰች አላውቅም። ያለበስኳት እኔ አይደለሁማ። ያየኋት ትናንት ማታ ለሥራ ስወጣ ነው፤ በሌሊት ልብሷ። ፖሊሱ እስክሪብቶውን እንደያዘ ይጠብቃል። ቢጫ ሹራብ አላት፣ አረንጓዴ ጃኬት አላት፣ ቀይ ቦት ጫማ አላት፤ የትኛውን? ጋሽ ሰይድ ናቸው የመለሱለት። «አረንጓዴ ጃኬት፣ ኮፍያ ያለው። እግሯ ላይ የአባቷ ካልሲ፣ እስከ ጉልበት የተሳበ።» ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያ የፖሊሱ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው።

ከዚያ ሮጥኩ። ከኦሎምፒያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ተመልሼ ወደ ቦሌ። እያንዳንዱን በር አንኳኳሁ፤ ዘበኞች አጥር ከፍተው አረንጓዴ ጃኬት አላየንም አሉኝ። ሩዋንዳ ድረስ ወረድኩ፤ ካሴት ቤቱ ዘፈኑን ከፍቶታል፤ ባለቤቱ ሲያየኝ ደንግጦ አጠፋው። እዚያ ዝምታ ውስጥ ስሟን ጠራሁ። ለኃይሉ እንዴት ልንገረው? ኤርፖርቱ ውስጥ ዕቃ የሚያራግፍ ሰው ለስልክ አይጠራም። ቢጠራስ ምን እለዋለሁ? እርግጠኛ ነኝ ብዬው ነበር። መንገድ ላይ ሁሉንም አየሁ፤ ሰውን፣ ሱቁን፣ ቦዩን፣ የታክሲ ወረፋውን። የሚያልፈውን አውቶብስ ግን አላየሁም። ልጅ የጠፋበት ሰው ወደ መሬት ነው የሚያየው።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ተመልሼ ፌርማታው ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ አልነበረኝም። ከፒያሳ ወደ ቦሌ የሚሄድ አውቶብስ ጭቃ እየረጨ መጣ። መስኮቱ በጭጋግ ተሸፍኗል። አንዲት ትንሽ መዳፍ ጭጋጉን ጠረገችና፣ «እማዬ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሜሮን የኋለኛው በር አጠገብ፣ የትኬት ቆራጯ ወንበር ላይ፣ እግሯን እያወዛወዘች ተቀምጣ ነበር። ጃኬቷ ደረቅ ነው። አንገቷ ላይ የሰው ሻርፕ ተጠምጥሞላታል። ገብቼ አቀፍኳት፤ ሰው ሁሉ ያየን ነበር፤ ግድ አልነበረኝም። ትኬት ቆራጯ ወፍራም፣ ደርባባ ሴት ነበረች፤ እሷም እያለቀሰች፣ «የት እንደተሳፈረች አላየሁም። ስታዲየም ስንደርስ ብቻዋን መሆኗን አወቅሁ። የት ነው የምትሄጂው ስላት ‹እናቴ ሥራ ቦታ› አለችኝ። የት ነው ስላት ‹ሆስፒታል› አለች፤ በየትኛው ላውርዳት? ለማን ልስጣት? ተራዬ ሳያልቅ መኪናውን ጥዬ መውረድ አልችልም። ሰባት ሰዓት ስለወጥ ፖሊስ ጣቢያ ላደርሳት ነበር» አለችኝ።

ቆጠርኩት። አምስት ጊዜ። ያ አውቶብስ ሲሄድና ሲመለስ አምስት ጊዜ ልጄን ይዞ በፊቴ አልፏል። እኔ ተራዬ አልቆ መውጣት ያልቻልኩ፣ እሷ ተራዋ አላልቅ ብሎ መውረድ ያልቻለች፤ ልጄ በሁለታችን መሀል ስትመላለስ አረፈደች። ሴትዮዋን እጇን ስሜ ወረድኩ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም፤ ይህም ይቆጨኛል።

ልጄን አዝዬ ወደ ቤት አልሄድኩም። ወደ ሆስፒታል ተመለስኩ። ጋሽ ሰይድ «አሁንስ እረፊ እንጂ!» አሉኝ፤ ግን ሳላይ ማረፍ አልችልም ነበር። ስገባ ተኪዬ ከቶላ አልጋ ራስጌ ቆማለች፤ ፊኛው ግን አሁንም ጫልቱ እጅ ነው። ተኪዬ እኔ በወጣሁ በሃያ ደቂቃ ደርሳ ልቀበልሽ ብትላት እምቢ ብላለች። ጣቶቿ አብጠው መታጠፍ አቅቷቸዋል፤ በመዳፏ ነበር የምትጨምቀው። ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ ወረደ። «ተገኘች?» አለች። «ተገኘች» አልኳት። ያን ጊዜ ፊኛውን ለተኪዬ ለቀቀችና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ማታ ላይ ማሽኑ ተለቆ ለቶላ ተሰጠ፤ በአምስተኛው ቀን ቱቦው ወጣለት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በእግሩ ወደ ማሳው ተመለሰ።

ሜትሮኗ በማግሥቱ አስጠራችኝ። መነጽሯን ሳታወልቅ፣ «በሽተኛ ጥለሽ ሄደሻል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ልጅሽ ደህና ናት?» «ደህና ናት።» «እንግዲያው ፈርሚ» ብላ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ አቀረበችልኝ። ፈረምኩ። ስወጣ፣ «ወይንሸት፣ እኔም ብሆን እሄድ ነበር» አለችኝ፤ ደብዳቤውን ግን አልቀደደችውም።

ኃይሉ ያን ማታ ሲገባ ሜሮን ተኝታለች። ነገርኩት፤ ሩብ ሰዓቷን ብቻ አስቀርቼ። የሥራ ጫማውን ማሰሪያ ግማሽ ፈትቶ እንደያዘ ቀረ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ተነስቶ ልጅቷ አጠገብ ሄዶ እግሯ ላይ ያለውን የራሱን ካልሲ ረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና፣ «ሰውየውስ ተረፈ?» አለኝ። «ይመስለኛል» አልኩት። ከዚያ ነው የጮኸው። ሁለታችንም ጮህን። ሥራሽን ትወጃለሽ፣ ሥራህን ትፈራለህ፣ ማነው እርግጠኛ ነኝ ያለው፣ ማነው ጥሎ የሄደው። ከግንቡ ማዶ ያሉት የቪላው ሰዎች መብራት እስኪያበሩ ድረስ። በኋላ ሲደክመን፣ «እኔ ነኝ ሳጥኑ ላይ ያስቀመጥኳት» አለ ቀስ ብሎ። ያን ጊዜ ልነግረው ይገባ ነበር። አልነገርኩትም።

ክትባት ክፍል ልዛወር ብዬ አመለከትኩ። ጠዋት ገብቼ ማታ የምወጣበት፣ እሑድ እሑድ ቤቴ የምውልበት ሥራ። ሕፃናት ይመጣሉ፣ እወጋለሁ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሄዳሉ። ሜሮን ግድግዳው ላይ አበባ የምትሥልበት ቀን በዛላት። ግን መኪና ክላክሱን እየለቀቀ ወደ ድንገተኛው በር ሲገባ እጄ መርፌው ላይ ይቆማል፤ እናቶቹ «ሲስተር?» ይሉኛል። ስምንት ወር ቆየሁ። በስምንተኛው ወር ኃይሉ ራሱ፣ «እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ፤ ተነጋግረናል። አንቺ ተመለሽ። እዚህ ስትሆኚ እዚህ የለሽም» አለኝ። ተመለስኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ከዚያ ክፍል አልወጣሁም። ኃይሉ ካረፈ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሩብ ሰዓቷን ሳያውቃት ሄደ።

ሜሮን ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ያን ቀን ለልጆቿ ስታወራ ሰምቻታለሁ፤ የሕይወቷ ደስ የሚል ቀን አድርጋ ነው የምታወራው። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከተማውን ሁሉ እንዳሳየቻት፣ ሳንቲም እንዳስቆጠረቻት፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ወደ ፊት ሲሄድ እንዴት እንዳሳቃት። እኔ ሁልጊዜ አብሬ ፈገግ እላለሁ። ያቺን የሚኒባስ ወጣት ባየሁ በሳምንቱ ግን ሜሮን ቤት ምሳ በልተን፣ ልጆቹ ወጥተው፣ ሁለታችን ስንቀር ነገርኳት። ስልኩን፣ ሰዓቱን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ መቆሜን። ሁሉንም።

ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፍርፋሪ በጣቷ ሰበሰበች።

«አልፈራሁም እኮ» አለችኝ በመጨረሻ። «እውነቴን ነው እማዬ፣ ትንሽም አልፈራሁም።»

«ያቺን ሴትዮ አመስግኜ አልጠግብም» አልኳት።

ፍርፋሪውን ሰሃኑ ላይ አራገፈችና ቀና ብላ አየችኝ። «ግን ቶሎ ብትመጪ ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት።